ቁጥሩም ሰዓቱም እየታወቀ ገጹ ለምን ይወድቃል?

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ተለቀቀ ሲባል በከምባታዋ ዶዮገና ላይ የሚሆነውን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ተማሪው የመለያ ቁጥሩን ይጽፋል፣ “ፈልግ” የሚለውን ይጫናል፣ ነጭ ገጽ ይመጣበታል። እንደገና ይጫናል፤ አሁንም ነጭ ገጽ። አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው ስልኩን አጥፍቶ ያበራል። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለችው ልጅ የሰፈሩን ተማሪዎች ቁጥር ወረቀት ላይ መዝግባ በተራ ትሞክራለች። ደቡብ አፍሪካ ወንድም ወይም ዘመድ ያለው ቤት ቁጥሩን ልኮ “እስቲ አንተ ሞክረው” ይላል፤ በሀዲያና በከምባታ ደግሞ እንዲህ ያለ ቤት ብዙ ነው። ገጹ እሺ የሚለው ብዙ ጊዜ ሰው ከተኛ በኋላ ነው።

ይህ ስለተደጋገመ ለምደነዋል። ልንለምደው ግን አይገባም። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች የሚቀርቡት የሕዝብ ድረ ገጾችን ለሚያዝዙ ኃላፊዎች፣ ለሚሠሩ ባለሙያዎችና ሰርቨሩን ለሚያስተዳድሩ ክፍሎች ነው። የፈተና ውጤት ጎልቶ የሚታየው ምሳሌ ስለሆነ እሱን አስቀድማለሁ፤ ነገሩ ግን የዩኒቨርሲቲ ምደባን፣ የሥራ ማስታወቂያን፣ የክልልና የዞን መሥሪያ ቤት ገጾችንም ይመለከታል።

ጥፋቱ የኔትወርክ ነው ወይስ የገጹ?

የመጀመሪያው መልስ ሁልጊዜ “ኔትወርክ የለም” ነው። ዶዮገና ደጋ ነው፤ ዝናብ ሲከብድ፣ መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩ የሚደክምበት ቀን አለ። ግን በዚያው ደቂቃ፣ በዚያው ስልክ ቴሌግራም መልእክት ያስተላልፋል፣ ፌስቡክ ይከፈታል፣ የቴሌብር ክፍያ ያልፋል። ያ ሁሉ እየሠራ አንዱ ገጽ ብቻ እምቢ ካለ ጥፋቱ እንዴት የኔትወርክ ይሆናል?

ማስረጃው ስክሪኑ ላይ ነው። ገጹ ሲወድቅ ብዙ ጊዜ 502፣ 503 ወይም 504 የሚል ቁጥር ይወጣል። 504 ማለት የተማሪው ጥያቄ ከዶዮገና ተነሥቶ ሰርቨሩ በር ድረስ ደርሷል፣ በሩ ላይ ያለው ፕሮግራም ተቀብሎታል፣ ከኋላ ያለው ክፍል ግን በጊዜው አልመለሰም ማለት ነው። ኔትወርኩ የድርሻውን ተወጥቷል። ይህን ቁጥር ያየ ባለሙያ ጥፋቱን ወደ ኔትወርክ ሲገፋ ተማሪው ለማያስፈልግ ሙከራ ተጨማሪ ፓኬጅ ይገዛል። የተሳሳተ ምክንያት በገንዘብ የሚከፈልበት እንዲህ ነው።

ይህ ሁሉ ሰው እንደሚመጣ ማን አላወቀም?

ድረ ገጾች የሚወድቁበት አንድ የታወቀ ምክንያት አለ፤ ያልተጠበቀ ሕዝብ። አንድ ዜና በድንገት ይሰማና ሰው ይጎርፋል። የፈተና ውጤት ግን ከዚህ የሚመደብ ነው? በ2015 ዓ.ም. ፈተናውን 845,188 ተማሪዎች ወሰዱ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 674,823። የተፈታኙ ቁጥር በአንድ ሰው ልክ ይታወቃል። ውጤቱ የሚለቀቅበትን ቀንና ሰዓት የሚወስነው ደግሞ የሚለቅቀው አካል ራሱ ነው። በዓለም ላይ የእንግዳውን ብዛትና የሚመጣበትን ደቂቃ ቀድሞ የሚያውቅ ድረ ገጽ ስንት አለ?

እስቲ ሂሳቡን አብረን እንሥራው። 845,188 ተማሪዎች በሙሉ በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ገቡ እንበል። አንድ ሰዓት 3,600 ሰከንድ ነው። ስለዚህ በየሰከንዱ 235 ሰው ይመጣል። ይህ ቁጥር ለተራ ሰው ያስፈራ ይሆናል፤ በሥራው ላይ ላለ ሰው ግን አያስፈራም። በወጉ የተስተካከለ አንድ መካከለኛ ሰርቨር አስቀድሞ የተዘጋጀ ትንሽ ፋይል በሰከንድ ለብዙ ሺህ ጠያቂ ማደል ይችላል። ኢጎር ሲሶየቭ የተባለው ሩሲያዊ መሐንዲስ ኤንጂንኤክስ የተሰኘውን ዌብ ሰርቨር በ2004 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የለቀቀው አንድ ማሽን በአንድ ጊዜ አሥር ሺህ ግንኙነት እንዲያስተናግድ ነበር። ያን ጊዜ ከባድ ይባል የነበረው ጥያቄ መልስ ካገኘ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛ በ235 የምንወድቅበት ምክንያት ምንድን ነው?

ሌላም ልጠይቅ። ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ጀምሮ ተማሪው የሚፈተነው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነው። ይህን ያህል ወጣት ከየወረዳው በአውቶቡስ ተጓጉዟል፣ መኝታና ምግብ ተዘጋጅቶለታል፣ ጥበቃ ተመድቦለታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የፈተናው አንድ ክፍል በኦንላይን ተሰጥቷል። የዶዮገናን ልጅ በአካል አጓጉዞ መፈተን የቻለ አገር፣ ከግማሽ ገጽ የማይበልጥ ጽሑፍ ስልኩ ላይ ማድረስ እንዴት ያቅተዋል?

የማይለወጥን ነገር ስንት ጊዜ ነው የምትጠይቁት?

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። አንድ ተማሪ ቁጥሩን ሲያስገባ ምን እንደሚሆን በቅርብ እንየው። ሰርቨሩ ጥያቄውን ይቀበላል። የፒኤችፒ ወይም መሰል ፕሮግራም ይነሣል። ፕሮግራሙ ዳታቤዙን ያንኳኳል፣ ዳታቤዙ በመቶ ሺዎች ከሚቆጠር መዝገብ ውስጥ አንዱን ረድፍ ይፈልጋል፣ ስምና የትምህርት ዓይነት ውጤት ይመልሳል። ፕሮግራሙ ይህን ከገጹ ንድፍ ጋር ገጣጥሞ ይልካል። ተማሪው ጎደለብኝ ብሎ ገጹን ሲያድሰው ይህ ሁሉ ከዜሮ ይጀመራል። እናቱ ስትጠይቅ ከዜሮ ይጀመራል። ደቡብ አፍሪካ ያለው ወንድሙ ሲሞክር ከዜሮ ይጀመራል።

ውጤቱ ግን ተለውጧል? የሒሳብ ውጤቱ ከአምስት ደቂቃ በፊት ከነበረው ይለያል? አይለይም። ቅሬታ ቀርቦ እስኪታረም ድረስ ውጤቱ ያው ነው። የማይለወጥ መልስ ለማግኘት ዳታቤዝን በየሰከንዱ መቶ ጊዜ ማንኳኳት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ድሮ ውጤት ትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ ነበር። ርእሰ መምህሩ አንድ ጊዜ ጽፎ ይለጥፋል፣ መቶ ተማሪ መጥቶ ያነባል፤ ለእያንዳንዱ ተማሪ መዝገብ ቤት ገብቶ ፋይል የሚያወጣ ሰው አልነበረም። የድረ ገጽ ባለሙያዎች ካሽ ወይም መሸጎጫ የሚሉት ነገር ሥራው ይኸው ነው። አንድ ጊዜ የተዘጋጀን መልስ በቅርብ አስቀምጦ፣ ለሚመጣው ሁሉ ያንኑ መስጠት።

መሸጎጫው በየደረጃው ነው። የመጀመሪያው ተማሪው ስልክ ላይ ያለው ብሮውዘር ነው፤ አርማውንና የገጹን ንድፍ አንዴ ካወረደ በኋላ እንደገና እንዳይጠይቅ ሰርቨሩ በአንድ መስመር ትእዛዝ ሊነግረው ይችላል። ሁለተኛው ከሰርቨሩ ፊት የሚቆም መሸጎጫ ነው። ቫርኒሽ የተባለው ሶፍትዌር በ2006 እ.ኤ.አ. ይፋ ሲሆን የተሠራው ቪጂ ለተባለ የኖርዌይ ጋዜጣ ነበር፤ ዋና ደራሲው ዴንማርካዊው ፖል-ሄኒንግ ካምፕ እንደጻፈው ጋዜጣው 12 ማሽን ላይ ይሠራ የነበረውን ሥራ በ3 ማሽን ተክቷል። ሦስተኛው ማህደረ ትውስታ ውስጥ የሚቀመጥ መሸጎጫ ነው፤ ሜምካሽድና ሬዲስ የሚባሉት ዳታቤዙ አንዴ የሰጠውን መልስ ራም ላይ ይዘው በሺህኛ ሰከንድ ውስጥ ይመልሳሉ። አራተኛው ራሱ ዳታቤዙ ነው። የመለያ ቁጥሩ ማውጫ ካልተሠራለት ዳታቤዙ አንድ ተማሪ ለማግኘት ሁሉንም ረድፍ ከላይ እስከ ታች ያነባል። ማውጫ መሥራት አንድ መስመር ትእዛዝ ነው። ከነዚህ ከአራቱ የትኛው ነው እኛ ዘንድ የተሠራው?

ለውጤት ገጽ ደግሞ ከዚህም የቀለለ መንገድ አለ። የአንድ ተማሪ ስም፣ መለያ ቁጥር፣ የየትምህርቱ ውጤትና ድምር ያለ ፎቶ ቢጻፍ 2 ኪሎባይት አይሞላም። 2 ኪሎባይት ነው ብንል እንኳ የ845,188 ተማሪዎች ውጤት ተደምሮ 1.7 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። የአገሪቱ የአንድ ዓመት ውጤት ሆሳዕና ሱቅ ውስጥ በሚሸጥ አነስተኛ ፍላሽ ላይ ተጭኖ ቦታ ይተርፋል ማለት ነው። ሁሉንም ውጤት ከመለቀቁ በፊት ባለው ሌሊት እንደ ተዘጋጀ ፋይል አውጥቶ ማስቀመጥ ይቻላል። በማግሥቱ ዳታቤዙ ቢጠፋ እንኳ ውጤቱ ይታያል። እዚህ ላይ የሚያስቸግረው ቴክኖሎጂው ነው ወይስ አስቀድሞ ማሰብ?

ከገጹ ሌላ በቴሌግራም ቦትና በ6284 አጭር መልእክት ውጤት ማሳየት መጀመሩ መልካም ነው። ግን ሦስቱም በር የሚያስገባው ወደ አንድ ዳታቤዝ ከሆነ በር ማብዛቱ ምን ይጠቅማል? ዳታቤዙ ሲደክም ሦስቱም አብረው ይዘጋሉ። የተማሪው ጥያቄ መሸጎጫው ላይ የሚያበቃ ከሆነ ግን አንዱ በር እንኳ ይበቃል።

ሰርቨሩ ከተጫነ ጀምሮ ማን ነካው?

ሶፍትዌር ሲጫን ከፋብሪካ የሚመጣ ልክ አለው። ይህ ልክ የተቀመጠው ለትንሽ ማሽንና ለመለማመጃ እንጂ ለአገር አቀፍ ሥራ አይደለም። ማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ሳይነካ ከተተወ በአንድ ጊዜ 151 ግንኙነት ብቻ ይቀበላል። አፓቼ የተባለው ዌብ ሰርቨር በቆየው አሠራሩ በአንድ ጊዜ 256 ጠያቂ ያስተናግዳል። ፒኤችፒን የሚያስኬደው ኤፍፒኤም ደግሞ አብሮት በሚመጣው ፋይል ላይ የሠራተኛ ልኩ 5 ነው። አምስት!

ይህ አምስት ምን እንደሚያደርግ በሂሳብ እንየው። አንድ ገጽ ለመሥራት 0.2 ሰከንድ ይፈጃል እንበል። አምስት ሠራተኛ በሰከንድ 25 ገጽ ያወጣል። የሚመጣው 235 ነው። በየሰከንዱ 210 ሰው ወረፋ ላይ ይቀራል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ 12,600 ሰው ተከማችቷል። ተከማችቶ ዝም ብሎ አይጠብቅም፤ እንደገና ይጫናል። አንዱ ሰው ሦስት አራት ጥያቄ ይሆናል። መልስ ያጣው ሕዝብ ራሱን ያበዛል፤ ሰርቨሩም ትቶት የሄደውን ሰው ጥያቄ እየሠራ አዲስ የመጣውን ያስጠብቃል።

ከዚህ በኋላ “የሳይበር ጥቃት ነው” የሚል ግምት ቢሰማ አይገርምም፤ ተስፋ ሳይቆርጥ የሚጫን ተማሪ ከሩቅ ሲታይ ጥቃት ይመስላል። እውነተኛ ጥቃትም ሊኖር ይችላል፤ መከላከያው ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ግን የሠራተኛው ልክ 5፣ የዳታቤዙ ልክ 151 ሆኖ ከተተወ ጥቃትን ማንሣት ምን ያህል ይገባል? እነዚህን ቁጥሮች በማሽኑ ራም ልክ ማስተካከል የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የተስተካከሉት መቼ እንደሆነ የሚመልስ ኃላፊ አለ?

ውጤት ሊያይ የመጣ ሰው የሕንፃ ፎቶ ምን ያደርግለታል?

ብዙ የመንግሥት ገጾችን ክፈቱ። መጀመሪያ የሚመጣው እየተለዋወጠ የሚንሸራተት ትልቅ ፎቶ ነው። ሕንፃ፣ ስብሰባ፣ የኃላፊው ምስል። ፎቶው ከካሜራ እንደወጣ፣ ሳይቀነስ የተጫነ ይሆናል። ከዚያ ሦስት ዓይነት የፊደል ቅርጽ፣ ማንም የማይነካው ካርታ፣ የማኅበራዊ ሚዲያ ሳጥን። ተማሪው የፈለገው ግን ሰባት ስምንት መስመር ጽሑፍ ነው።

እንዲህ ያለ ገጽ 3 ሜጋባይት ቢሆን በሰከንድ 235 ሰው ሲያስተናግድ ከሰርቨሩ የሚወጣው ወደ 5.6 ጊጋቢት የሚጠጋ ፍሰት ነው። ያው ገጽ ተራቁቶ 20 ኪሎባይት ቢሆን 38 ሜጋቢት ይበቃዋል። ለመጀመሪያው ውድ መስመር ያስፈልጋል፤ ሁለተኛውን ተራ መስመር ይሸከመዋል። ልዩነቱን የፈጠረው ፎቶው ነው። ተማሪውም በበኩሉ ይከፍላል። ባለ 3 ሜጋባይቱን ገጽ አሥር ጊዜ ቢሞክር 30 ሜጋባይት ከፓኬጁ ሄዷል፤ ያውም ውጤቱን ሳያይ።

አማርኛ ደግሞ የራሱ ጉዳይ አለው። የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 አንዱ ሦስት ባይት ይይዛል፤ የላቲኑ አንድ ነው። የእኛ ጽሑፍ ሳይታመቅ ሲላክ በየፊደሉ ሦስት እጥፍ ይከብዳል ማለት ነው። መፍትሔው ጂዚፕ የሚባለው ማመቂያ ሲሆን የአማርኛን ጽሑፍ በደንብ ያሳንሰዋል። ኤንጂንኤክስ ላይ ይህ ማመቂያ ሲጫን የጠፋ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ የሚያበራው ሰው ይፈልጋል። ከማንም በላይ ማመቅ የሚጠቅመን እኛ ሆነን ሳለ ሳይበራ የሚቀርበት ምክንያት ምንድን ነው?

ገጹ ያለው የት ነው?

ኢትዮጵያ የባሕር በር የላትም፤ ወደ ውጭ የሚሄደው ኢንተርኔት የባሕር ገመድ ላይ የሚደርሰው በጎረቤት አገሮች በኩል ነው። ስለ ዶዮገና የሚናገር ገጽ አውሮፓ ወይም አሜሪካ ሰርቨር ላይ ከተቀመጠ ጥያቄው ድንበር ተሻግሮ፣ ባሕር አቋርጦ ይመለሳል። ደኅንነቱ የተጠበቀ ግንኙነት ለመጀመር ብቻ ይህን መንገድ ከአንድ ጊዜ በላይ መመላለስ ግድ ነው፤ ጽሑፉ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዩቲዩብና ፌስቡክ የሚፈጥኑት ቅጂያቸውን በየአገሩ፣ በየቴሌኮሙ ጓዳ ስለሚያስቀምጡ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬ የኢትዮ ቴሌኮም ክላውድ አለ፣ አይሲቲ ፓርክ ውስጥም የግል የመረጃ ማዕከሎች ተከፍተዋል። ተጠቃሚው በሙሉ አገር ውስጥ ያለ የወረዳ ወይም የዞን ገጽ ለምን ውጭ ይኖራል? ውጭ መሆኑ ግድ ከሆነስ ቅጂው ለምን እዚህ አይሸጎጥም?

ገንዘብና ባለሙያ የለም ይባላል፤ እውነት ነው?

ኤንጂንኤክስ፣ ቫርኒሽና ሜምካሽድ በነፃ የሚገኙ ክፍት ሶፍትዌሮች ናቸው። ማመቂያ ለማብራት፣ ማውጫ ለመሥራት፣ የፎቶ መጠን ለመቀነስ የግዥ ኮሚቴ አያስፈልግም። ይልቅ ገንዘብ የሚፈጀው ገጹ በወደቀ ቁጥር ትልቅ ሰርቨር መግዛት ነው። የሠራተኛው ልክ 5 የሆነ ሶፍትዌር ትልቅ ማሽን ላይ ቢጫንም ልኩ 5 ነው።

ባለሙያስ? ሆሳዕና የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት፤ ዱራሜም ካምፓሱ አለ። ኮምፒውተር ሳይንስ የተማሩ ወጣቶች በየዓመቱ ይመረቃሉ። ከተመራቂዎቹ ስንቱ የራሱን ወረዳ ገጽ እንዲያስተካክል ተጠይቋል? የመመረቂያ ሥራው የሕዝብ ገጽ ክብደት መለካትና ማቅለል እንዲሆን የሰጠ መምህርስ አለ? ሆሳዕና ዋና መቀመጫ የሆነችበት የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የተመሠረተ አዲስ ክልል ነው። አዲስ ክልል አዲስ ገጽ ይሠራል። የድሮውን ስሕተት ይዞ ከመጀመር ከመነሻው አቅልሎ መሥራት ርካሽ አይደለም?

መሸጎጥ አደጋ የለውም?

አለው፤ ይህን የሚያነሣ ባለሙያ ተገቢ ጥያቄ አንሥቷል። በታኅሣሥ 2015 እ.ኤ.አ. በፈረንጆች ገና ዕለት ስቲም የተባለው የጌም መሸጫ ጥቃት ሲደርስበት በጥድፊያ የተቀየረ የመሸጎጫ ሥርዓት የአንዱን ደንበኛ ገጽ ለሌላው አሳይቷል፤ ኩባንያው 34,000 ያህል ደንበኞች እንደተነኩ ተናግሯል። የፈተና ውጤትም የግል መረጃ ነው። የአንዱ ልጅ ውጤት በሌላው ስክሪን ላይ ቢወጣ ከመዘግየት የከፋ ጥፋት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ውጤት በመለያ ቁጥርና በስም ጥምር ብቻ የሚገኝ መሆን አለበት፤ ተከታታይ ቁጥር እየሞከረ የሰው ውጤት የሚቃርመውም መገደብ አለበት። ስቲም የተሳሳተው መሸጎጫውን በጭንቅ ሰዓት በመነካካቱ ነው። ትምህርቱ ሥራው በሰላም ቀን፣ በእርጋታ ይሠራ የሚል ነው።

ሌላም የታወቀ እንቅፋት አለ። በሰኔ 2009 እ.ኤ.አ. ማይክል ጃክሰን ሲሞት ዊኪፒዲያ ተጨናነቀ። ገጹ በየደቂቃው ስለሚታረም የተሸጎጠው ቅጂ ይሰረዝና ብዙ ሰርቨሮች ያንኑ ገጽ በአንድ ጊዜ እንደ አዲስ ለመሥራት ይሻማሉ። መፍትሔው አንዱ ይሥራ፣ ሌሎቹ ይጠብቁ የሚል ሥርዓት መዘርጋት ሆነ። የእኛ ውጤት ግን በየደቂቃው አይታረምም። ዊኪፒዲያ የተፈተነበትን ከባዱን ፈተና እኛ አልተፈተንም፤ የቀረበልን ቀላሉ ነው። ቀላሉን ለምን እንወድቃለን?

ከሕዝቡ በፊት ማን ሞከረው?

አሜሪካ በጥቅምት 1 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. የጤና መድን መመዝገቢያ ገጿን ስትከፍት በመጀመሪያው ቀን ምዝገባውን የጨረሱት ስድስት ሰዎች ነበሩ። ገንዘብ አልጠፋም፤ ኩባንያም አልጠፋም። ከጎደሉት ነገሮች አንዱ ገጹን እንደ እውነተኛው ቀን ጭኖ መፈተን ነበር። ገጹም በኋላ በወራት ሥራ ተስተካከለ።

ጄሜተርና ኬ6 የሚባሉ ነፃ መሣሪያዎች በሺህ የሚቆጠር ተጠቃሚ አስመስለው ገጹን ይጭኑታል። የትኛው ደቂቃ ላይ እንደሚሰበር፣ መጀመሪያ የሚወድቀው ዳታቤዙ ይሁን ፒኤችፒው ያሳያሉ። አንድ ድልድይ ሳይፈተን መኪና አይነዳበትም ብለን እናምናለን። የ845,188 ወጣቶችን የዓመት ልፋት የሚሸከም ገጽስ ሳይፈተን የሚከፈተው በየትኛው ደንብ ነው? ተፈትኖ ከሆነ ውጤቱ ለምን ለሕዝብ አይነገርም?

በዚያው ላይ በውል የሚጻፍ ነገር አለ። አንድ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ሲያሠራ የውል ሰነዱ ስለ ቀለሙ፣ ስለ አርማው፣ ስለ ፎቶ ማሳያው ይዘረዝራል። ገጹ በስንት ሰከንድ ይከፈት? በሰከንድ ስንት ሰው ያስተናግድ? ክብደቱ ከስንት ኪሎባይት አይበልጥ? ጉግል ለጥሩ ገጽ ያስቀመጠው ልክ ዋናው ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ ነው። ይህን ቁጥር ውል ላይ ያሰፈረ መሥሪያ ቤት ርክክብ ሲደርስ የሚጠይቀው ነገር አለው። ያላሰፈረ ግን ቢሮው ውስጥ፣ በቢሮው ኢንተርኔት ገጹ ሲከፈት አይቶ ይፈርማል፤ ዶዮገና ላይ በተራ ስልክ መከፈቱን ማን ያረጋግጥለታል?

መልስ የምንጠብቅባቸው

ከሚቀጥለው ውጤት በፊት ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ገጹ በተፈታኙ ሙሉ ቁጥር ልክ ተጭኖ ይፈተን፤ ያገኘው ውጤትም ይፋ ይሁን። ሁለተኛ፣ ውጤቱ ከመለቀቁ በፊት ተዘጋጅቶ ይሸጎጥ፤ ተማሪው ሲጠይቅ ዳታቤዝ አይንኳኳ። ሦስተኛ፣ የውጤት ገጹ ከጽሑፍ በቀር ምንም አይኑርበት። የሥራ ማስታወቂያና የምደባ ገጾችም በዚሁ መለኪያ ይታዩ።

ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲና ሌሎችም ዘንድ ላላችሁ ወጣት ባለሙያዎች አንድ ቃል አለኝ። የወረዳችሁን ገጽ ክፈቱ፣ ክብደቱን ለኩ፣ በስንት ሰከንድ እንደሚከፈት ጻፉ፣ ቁጥሩን ይዛችሁ ኃላፊው ቢሮ ግቡ። “ይዘገያል” የሚል ቅሬታ በቀላሉ ይታለፋል፤ “3 ሜጋባይት ነው፣ 20 ኪሎባይት ማድረግ እንችላለን” የሚል ሰው ግን መልስ ይገባዋል።

የተፈታኙ ቁጥር ይታወቃል። ሰዓቱን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ውጤቱ አይለወጥም። መሣሪያው በነፃ ይገኛል። እነዚህ አራቱ ተሟልተው ገጹ ቢወድቅ ምክንያቱ የተማሪው ብዛት አይደለም፤ ሥራው አለመሠራቱ ነው። ለፈተናው አሥራ ሁለት ዓመት የተማረን ልጅ ውጤቱን ለማየት ሌሊቱን ሙሉ ማስጠበቅ ይብቃ።